ከኮምቦልቻ ጂቡቲ በቤት መኪና፦ ሊብሬው በሟች አባቴ ስም ነው፣ ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

የቦርከና ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መንገዱን የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ጂቡቲ ከተማ ትሠራለች። ከሄደች አምስት ዓመት ሆናት። ልጇ እዚህ ኮምቦልቻ እኛ ጋ፣ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሷ በሥራዋ ምክንያት መምጣት አልሆነላትም፣ ልጁ ደግሞ እናቱን የሚያውቃት በስልክ ነው ማለት ይቻላል። ባለፈው ሰሞን አውርተው ሲጨርሱ ልጁ ስልኩን ለእናቴ መለሰላትና «እሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው ነው?» ብሎ ጠየቃት። ድምፅዋ በጉንፋን ተቀይሮ ነበር። እናቴ የዚያን ቀን እራት አልበላችም። በቃ እኛ እንሂድ አልን። እኔ፣ እናቴና ልጁ።

አባቴ (አላህ ይዘንለት) የተወልን ቶዮታ ፒክአፕ አለ። ደህና ነው፣ ምርመራውን አልፏል፣ ቦሎው የዘንድሮ የ2018 ነው፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አለው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት በዚያ ሙቀት አውቶብስ እየቀያየረች መንከራተት አትችልም። በባቲ ወርጄ፣ ሚሌን አልፌ፣ በሰመራ አድርጌ በጋላፊ መግባት ነው ሐሳቤ። እስከ ሎግያ ነድቻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አላውቀውም። ከአገርም ወጥቼ አላውቅም።

የሚያስጨንቀኝ ሊብሬው ነው። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፣ እኛ ግን ስሙን አላዛወርነውም። በ2012 በሕይወት እያለ የሰጠኝ ውክልና አለ፣ መንዳትም መሸጥም ትችላለህ ይላል። አገር ውስጥ ትራፊክ ሲያስቆመኝ እሱን እያሳየሁ አልፌያለሁ። ድንበር ላይ ይሠራልኛል? ሌላስ ምን ልያዝ? ለእናቴና ለልጁስ?

የባቲው፦

ወንድሜ አብሽር፣ ብዙ አታስብ። እኛ ሰፈር በቀበሌ መታወቂያ ጂቡቲ ደርሶ የመጣ ሰው አለ። አሁን ደግሞ ፋይዳ ወጥቷል፣ እሱ ካለህ ማንነትህ ይታወቃል። ውክልናህንና መንጃ ፈቃድህን ያዝና ሂድ። መንገዱ አስፋልት ነው። ውሃ ብቻ በብዛት ጫን።

ደረቅ ሦስት፦

የባቲው ወንድሜ፣ በቅንነት እንደተናገርክ ይገባኛል። ግን ቤተሰብ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ልጁን አናሳስተው። እኔ በዚህ መስመር ተሳቢ ስነዳ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

የቀበሌ መታወቂያ የአገር ውስጥ ነው። ፋይዳም እንደዚያው። ማን መሆንህን እዚህ ባንክ ቤትና መሥሪያ ቤት ያረጋግጥልሃል እንጂ ድንበር የሚያሻግር ሰነድ አይደለም። ለሦስታችሁም ፓስፖርት ያስፈልጋል። ለልጁም የራሱ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፣ ደሴ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለ። ፓስፖርት ያለው ሰው ካለ ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ይይ፣ ስድስት ወር ያልቀረው ፓስፖርት ይዞ መንገድ መጀመር ጥሩ አይደለም። ከፓስፖርቱ ቀጥሎ ቪዛ ነው። ጂቡቲ ኦንላይን የሚሞላ ቪዛ አላት፣ ግን አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲያቸው ደውለህ በአውሮፕላን ሳይሆን በጋላፊ፣ በመኪና እንደምትገቡ ንገራቸውና የሚሉህን ያዝ። የእኛን የሹፌሮችን አካሄድ አይተህ እንዳትሄድ። እኛን የሚያስገባን ድርጅትና ትራንዚተር አለ፣ ወረቀቱን እነሱ ይጨርሱታል። አንተ ግን ለራስህ ራስህ ነህ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ቢጫ ካርድ ሁለት ነው። ይህን ሳላውቅ ዋጋ ከፍያለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ከኮምቦልቻ ስነሳ የስምሪት ኃላፊው «ቢጫ ካርድ ይዘሃል?» አለኝ። «ይዣለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ የቢጫ ወባ ክትባት የተከተብኩበት ካርድ ፓስፖርቴ ውስጥ ነበር። እሱ የጠየቀኝ ግን የመኪናውን ነው። ጋላፊ ላይ ወረቀቴን ስሰጥ ሰውዬው የክትባት ካርዴን አየና መለሰልኝ፣ በጣቱ ወደ መኪናው አሳየኝ። አልገባኝም። ከኋላ የቆመ አንድ ትልቅ ሰው ነው «የኮሜሳውን ነው የሚልህ ልጄ» ያለኝ። የእኔ ካርድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ሌላ ሹፌር ይዞልኝ እስኪመጣ ሁለት ቀን መኪናው ጥላ ሥር ወረቀት አንጥፌ ተኛሁ። ያኔ ሙቀቱ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል።

ስለዚህ አንዱ የሰው ነው፣ አንዱ የመኪና። የሰውየው የቢጫ ወባ ክትባት ነው፣ ለሦስታችሁም ያስፈልጋል። የመኪናው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ይባላል። በ1986 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ በተፈረመ ስምምነት የመጣ ነው፣ ጂቡቲም ኬንያም አሉበት። አገር ውስጥ ያለህ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ድንበር ላይ ያበቃል። ይሄኛው እዚያ አገር ሰው ብትገጭ ወይም ንብረት ብታበላሽ በዚያ አገር ሕግ መሠረት ይከፍልልሃል፣ በአደጋው የተጎዱ የመኪናህን ተሳፋሪዎች ሕክምናም ይሸፍናል። የራስህን መኪና ጉዳት ግን አይሸፍንም፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። የምታወጣው ሦስተኛ ወገን ከገዛህበት መድን ድርጅት ነው። ሲሰጡህ ቁጭ ብለህ አንብበው። የሰሌዳው ቁጥር፣ የሻንሲው ቁጥር፣ የምትሄድበት አገር፣ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን። የምትመለስበት ቀን ጂቡቲ ውስጥ እንዳያልፍብህ ሳምንት ትርፍ አድርግ።

ሌላ የሰው ትዝብት የማያርፍበት ነገር የሻንሲ ቁጥር ነው። ጉምሩክ ላይ መኪናው ወጥቶ ተመልሶ እንደሚገባ ታስመዘግባለህ፣ ያንን ወረቀት ሳትይዝ አትወጣም። ሲፈትሹ ኮፈኑን ያስከፍቱሃል። በሊብሬው ላይ ያለውንና ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ፊደል በፊደል ያያሉ። አንድ ጊዜ አንዲት አምቡላንስ የምታህል ሚኒባስ ከፊቴ ቆማ፣ ብረቱ በቅባትና በአቧራ ተሸፍኖ ቁጥሩ አልታይ አለ። ሠራተኛው በጨርቅ ሲጠርግ፣ ባለመኪናው በናፍጣ ሲያረጥብ፣ አንዱ 8 ይሁን 3 ሳይለይ ሰዓት ሙሉ ሄደ። ከመነሳትህ በፊት ኮምቦልቻ ላይ አሳጥበህ ቁጥሩን ራስህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። በስልክ ፎቶ አንሳው።

የውክልናውን ነገር የሕግ ሰው ይንገርህ። እኔ ግን ልቤ አልወደደውም።

የቦርከና ልጅ፦

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። የቢጫ ካርዱን ነገር ከእርስዎ ባልሰማ እኔም እንደዚያው ነበር የምሆነው። የክትባቱ ብቻ ነው የመሰለኝ።

ሳልነግራችሁ የቀረ ነገርም አለ፦ የልጁ አባት ደሴ ነው ያለው። ተለያይተዋል ግን ደህና ሰው ነው፣ ይሂድ ብሏል። የአባቴ ልጆች ሦስት ነን፣ እኔ፣ ጂቡቲ ያለችው እህቴና ታናሽ ወንድሜ። በመኪናው የሚጣላ የለም።

ሸዋ በር፦

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይዘንላቸው። እኔ ደሴ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመጣ ነበር። ሳልደብቅ ልንገርህ።

ያ ውክልና ሞቷል። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ትራፊኩ ያሳለፈህ አባትህ መሞታቸውን ስለማያውቅ ነው እንጂ ወረቀቱ ስለሚሠራ አይደለም። በእሱ ብትጓዝና አንድ ነገር ቢፈጠር፣ አላህ አያምጣውና ሰው ብትገጭ፣ በሟች ውክልና ሰው አገር መኪና ይዘህ ተገኘህ ማለት ነው። መድን ድርጅቱም ጥያቄ ያነሳል። እናትህንና ልጁን ይዘህ በዚያ ወረቀት አትሂድ። እባክህ።

መንገዱ ይሄ ነው። መጀመሪያ የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት። ከዚያ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ትጠይቃላችሁ። ሁላችሁም ከተስማማችሁ ሸሪዓ ፍርድ ቤትም ይሆናል፣ ስምምነቱ ግን የሁሉም መሆን አለበት። የእናትህ ሚስትነት የሚታወቅበትን ማስረጃ አትርሱ፣ ምክንያቱም መኪናው በትዳር ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ ውርስ ሳይሆን የእናትህ የራሷ ድርሻ ነው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ እናቱን እንደ አንድ ወራሽ ብቻ ቆጥሮ ይሳሳታል። ማረጋገጫው ሲወጣ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ስሙን ታዛውራላችሁ። ምክሬን ከጠየቅከኝ በእናትህ ስም አድርጉት። እሷ እዚያው መኪናው ውስጥ አብራህ ትኖራለች፣ ለአንተ ደግሞ መኪናውን ከአገር ይዞ መውጣትን በግልጽ የሚጠቅስ አዲስ ውክልና ውልና ማስረጃ ሄዳ ትሰጥሃለች። «መንዳት ይችላል» ብቻ የሚል አይበቃም። ወደ ውጭ አገር ይዞ መሄድና መመለስ የሚል ቃል ይግባበት። ውጭ አገር የምታሳየው ወረቀት ስለሆነ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል።

አሁን ስለ ልጁ። ይሄ ከመኪናው ይበልጣል።

እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም። አንተ በአባትህና በአያትህ ስም ትጠራለህ። እናትህ በአባቷ። ልጁ ደግሞ በሌላ ሰው፣ በአባቱ። ሦስታችሁ ፓስፖርታችሁን መስኮቱ ላይ ስታስቀምጡ የሚያገናኛችሁ አንድም ስም የለም። የውጭ አገር ሠራተኛ የሚያየው አንድ ጎልማሳ፣ አንድ አሮጊትና የነሱ ያልሆነ የሚመስል ሕፃን ነው። ሊጠረጥር ይገባዋል፣ እኔ ብሆን እጠረጥራለሁ፣ ሕፃናት በዚህ መንገድ ይወሰዳሉና። ስለዚህ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያዝ፣ የእናትና የአባት ስም ያለበትን። አባቱ ልጁ ከአያቱና ከአጎቱ ጋር ወደ እናቱ እንዲሄድ ፈቅጃለሁ ብሎ ደሴ ውልና ማስረጃ ይፈርምልህ። እህትህ ደግሞ እዚያው ጂቡቲ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ሄዳ የእሷን ፈቃድ ታጽፍ።

እንዲያውም እህትህ ኤምባሲ መሄዷ ካልቀረ በአንድ ቀን ሁለቱን ትጨርስ። አንደኛው የልጁ ፈቃድ፣ ሁለተኛው ለውርሱ ጉዳይ ለእናታችሁ ወይም ለአንተ የምትሰጠው ውክልና። ወራሽ ስለሆነች ያለ እሷ ስሙ አይዛወርም። ከኤምባሲ የመጣ ውክልና እዚህ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ እንደሚረጋገጥም እወቁ። ሰው የሚያመላልሳችሁ ይህ ነው፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን መርሳት።

ጦሳ ሥር፦

እህታችን ሸዋ በር የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የምጨምረው የስም አጻጻፍ ነው።

መሐመድ የሚል ስም አለኝ፣ በአባቴ። ፓስፖርቴ ላይ በላቲን ፊደል መሐሉ ሁለት ኤም ነው፣ መጨረሻውም ኢዲ። መንጃ ፈቃዴ ላይ አንድ ኤም። የክትባት ካርዴ ላይ ነርሷ በእጅ ስትጽፍ በኤም ዩ ጀመረችው። በአማርኛ አንድ ነው፣ እዚያ ግን ሦስት ሰው ሆንኩ። ተዘርፎ የተሰበሰበ ወረቀት ይዤ የመጣሁ መሰላቸውና ለብቻዬ አስቀመጡኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው አንድ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ መጥቶ ያስረዳልኝ። እኛ ወሎ ውስጥ መሐመድ፣ ሰይድ፣ ዓሊ፣ ሁሴን የማይባል ቤት የለም፣ ሁሉም በአምስት ዓይነት ይጻፋል።

መፍትሔው ፓስፖርቱን መሠረት ማድረግ ነው። መጀመሪያ ፓስፖርቱን አውጡ። ሌላውን ሁሉ እሱን ቆጣሪው ላይ አስቀምጣችሁ፣ ከእሱ እያያችሁ አስጽፉ። የክትባት ካርዱን፣ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃዱን፣ የኮሜሳውን ካርድ፣ የልጁን የፈቃድ ደብዳቤ። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የእናቱ ስም ከእናቱ ፓስፖርት ጋር መስማማቱን በተለይ ተመልከት። እህትህ የፓስፖርቷን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስታ ትላክልህ፣ አጠገብ ለአጠገብ አድርገህ ፊደሉን ቁጠር። የሚለያይ ካለ አሁን ወሳኝ ኩነት ሄደህ አስተካክል። እዚያ ማስተካከል አንድ ቀን ነው፣ ጋላፊ ላይ ግን አይሆንም።

ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ያልኩት፣ እሱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከአገር ውስጡ መንጃ ፈቃድ ጋር አብሮ ነው የሚታየው። የአገር ውስጡን ቤት ጥለህ እንዳትሄድ።

ክትባቱን በመጨረሻው ሳምንት እንዳትሄዱ። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛሬ ተወግተህ ነገ ድንበር ብትደርስ ካርድ እንደሌለህ ነው የሚቆጠረው። አንድ ጊዜ ከተወጋችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ነው። ድሮ በየ10 ዓመቱ ነበር፣ ከ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ያ ቀርቷል። እናትህ በዕድሜ የገፉ ስለሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ ይሄ ክትባት ለትልልቅ ሰዎች ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሐኪሙ አይወጉ ካለ ያንኑ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ሞያሌ ደርሼ፦

እኔ ጂቡቲ ሳይሆን ኬንያ ነው በመኪና የሄድኩት፣ ከደሴ እስከ ናይሮቢ። ሌላ አንባቢ ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

ለኬንያ ኢትዮጵያዊ ቪዛ አይጠየቅም፣ ፓስፖርት ግን ግዴታ ነው። ሞያሌ ላይ ከ2013 ጀምሮ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ግቢ ነው የሚሠሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትቆመው። ጂቡቲ እንደኛ በቀኝ ነው የሚነዳው፣ ኬንያ ግን በግራ ነው። ከሞያሌ እንደወጣህ ለመልመድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፣ አደባባይ ላይ በተለይ።

አንድ ነገር ግን ለጂቡቲም ይሠራል፦ የቀን አቆጣጠር። ኢሲዮሎን አልፌ አንድ ፖሊስ አስቆመኝና መስታወቱ ላይ ያለውን ቦሎ አየ። 2015 ይላል። በእነሱ 2023 ነው። «ምርመራህ ካለፈበት ስምንት ዓመት ሆኖታል» አለኝ፣ ፊቱ እስኪለወጥ። ኢትዮጵያ የራሷ ዘመን አላት ብዬ ባስረዳ ሰውየው እየዋሸሁት መሰለው። ያዳነኝ የኮሜሳው ካርድ ነው፣ ቀኑ በእነሱ አቆጣጠር ነበር። ድንበር ላይ ያሉት በየቀኑ የእኛን መኪና ስለሚያዩ ያውቁታል፣ ራቅ ስትል ነው ችግሩ። አንተ የ2018 ቦሎ ይዘህ በ2026 ስትሄድ ያው ነው። በእነሱ አቆጣጠር የተተረጎመ የምርመራ ወረቀት አስጽፈህ ያዝ። ውክልናውንና የልጁን ፈቃድም ትርጉም ቤት ወስደህ አስተርጉም፣ ጂቡቲ ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው የሥራ ቋንቋቸው።

የባቲው፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ያ የነገርኩህ ሰውዬ የሄደው በሌላ ሰው መኪና ተሳፍሮ ነው፣ ያውም ድሮ። ዛሬ ደውዬ ጠየቅኩት፣ እሱም እንዳትሞክረው አለኝ። የእነዚህን ምክር ስማ። ባቲ ስትደርሱ ግን ሳትቆሙ እንዳታልፉ፣ ሰኞ ከሆነ ገበያው ነው፣ ለእህትህ ከዚህ የሚወሰድ አይጠፋም። እናትየውም እግራቸውን ያሳርፋሉ። ቤቴ መንገድ ዳር ነው።

ደረቅ ሦስት፦

ሞያሌ ደርሼ ያለው የቀኑ ጉዳይ እውነት ነው።

አንድ የቀረ ነገር። ሁሉንም ወረቀት ሁለት ሁለት ኮፒ አድርግ፣ አንዱን እናትህ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱን አንተ ጋ። ዋናውን ላስቲክ ውስጥ አድርገህ ከወንበርህ ኋላ ያዝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳትተወው። በዚያ ፀሐይ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ሲኮማተር አይቻለሁ፣ የታተመበትም ይለቃል። በሌሊት ባቲን ውረድ፣ ሚሌ ጠዋት ድረስ፣ ጋላፊ ከሰዓት በፊት። ልጁ ውሃ አይቋረጥበት። የምትነሳበትን ቀን እዚህ ጻፍ፣ እኔ መስመር ላይ ከሆንኩ ሰመራ ላይ እንገናኝና ጋላፊ ድረስ ተከትለኸኝ ትሄዳለህ።

የቦርከና ልጅ፦

ምን ብዬ ላመስግናችሁ። ጋሼ፣ እህቴ ሸዋ በር፣ ሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ። ለእናቴ ሁሉንም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የውክልናውን ስሰማ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ከዚያ ግን ዕቅዱ በሁለት ወር ይግፋ አልን።

እስካሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ትናንት ከልጁ ጋር ሐረጎን ወጥተን ደሴ ሄድን። ወሳኝ ኩነት የአባቴን የሞት ምስክር ወረቀት ጠየቅኩ። የወንድሜ ጦሳ ሥር ምክር ደግሞ እውነት ሆነ፣ የልጁ የልደት ወረቀት ላይ የእህቴ ስም አንድ ፊደል ይጎድለዋል። ፓስፖርቷን በስልክ ላከችልኝ፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን የቆጠርነው ከልጁ ጋር ነው። የጎደለችውን ፊደል ያገኛት እሱ ነው። ማስተካከያውን አስገብተናል። የልጁ አባት ሐሙስ ውልና ማስረጃ እንገናኝ ብሏል። እህቴ እሑድ ኤምባሲ ትሄዳለች፣ ሁለቱንም ወረቀት በአንድ ቀን።

ሲጠናቀቅ የምንነሳበትን ቀን እዚሁ እጽፋለሁ። ጋሼ፣ ሰመራ ላይ እጠብቅዎታለሁ። የባቲው ወንድሜ፣ እናቴ ቡና ይፈላ ብላሃለች።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለልጁ ፓስፖርት አሻራ ለመስጠት ደሴ ሲጠሩን አባቱ በአካል መቅረብ አለበት ወይስ እኔና እናቴ በውክልና እንችላለን?

ሸዋ በር፦

አባቱ ይምጣ። ደሴ ነው ያለው ካልክ አታስቸግሩት፣ ያው አንድ ጠዋት ነው። የእህትህን የኤምባሲ ወረቀትና የራሱን መታወቂያ ይዞ ይቅረብ። የልጁን ፎቶ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት አስነሱት፣ ፀጉሩ ግንባሩን እንዳይሸፍነው።